እቴጌን ያላመድኳት እኔ ነኝ

በግቢዬ ጥግ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ሰላም የምትባል ልጅ ናት፤ እዚሁ ወረታ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ አንበሳሜ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ የሳሙና ካርቶን በደረቷ ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ በሚስማር ተበሳስቷል። በረንዳዬ ላይ አስቀምጣ ስትከፍተው አንዲት ትንሽዬ አመድማ ድመት ተፈትልካ ወጣችና በተከፈተው በር ወደ እኔ ቤት ገባች፤ አልጋዬ ሥር ተሸጎጠች። ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ወተት ቢቀርብላት ሰው ካልወጣ አትነካም። ሰላም ሥራ ውላ ስለምትመጣ ድመቷ ከእኔ ጋር ናት የምትውለው፤ ወይም እኔ ከእሷ ጋር።

ትናንት ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አልጋው ሥር አጮለቀች።

«እትዬ፣ እርስዎ ሲያነቡ ነው የሚውሉት» አለችኝ። «ድመት የሚለመድበት መንገድ አንድ ቦታ አላዩም?»

«መጽሐፍ ላይ አላየሁም» አልኳት።

ውሸት አይደለም፤ መጽሐፍ ላይ አላየሁም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሳስተምር ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ከውሸት አይተናነስም እያልኩ ኖሬ፣ ለዚች ልጅ ግማሹን ዋጥኩባት። ድመት የሚለመድበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ደግሞም ያለ እንከን ነው የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ እስከዚች ድረስ ቤቴ ድመት ገብታ አታውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሜዳው ውስጥ ትንሽ ከፍ ያለች ቦታ ላይ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበር። የሰው ልጆች ሰብስቦ ፊደል ሲያስቆጥር ኖሮ፣ እኔን ግን ለተማሪዎቹ ውሃ ከማመላለስ በቀር ወደ ፊደሉ አላስጠጋኝም። አልቀየምበትም፤ የዘመኑ ሰው ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ዳሩኝ፣ ልጅ ሳልወልድ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተመለስኩ፣ በዓመቱ አባቴ አረፈ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና በአራት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ አበጀ ነበርን። አበጀ ወረታ ተማሪ ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘልቋል። እኔን እታለም ነበር የሚለኝ።

የፎገራን ሜዳ በክረምት ያላየ ሰው ብነግረው አያምነኝም። ሐምሌ ሲገባ የርብ ወንዝ ከአፉ ይተርፋል፣ ሜዳው ከጣና ጋር ይጋጠማል። ጎረቤት ለመጠየቅ ታንኳ የሚያስፈልግበት ሳምንት ነበር። ከብቱ ወደ ጉብታ ይሸሻል፣ እባቡ ወደ ቤት፣ አይጡ ወደ እህል። ሩዝ ያኔ ለእኛ አዲስ እህል ነበር፤ የገበሬ ማህበሩ ዘር አከፋፍሎ ዝሩ ካለን ጥቂት ዓመታችን ነው። እናቴ ከጤፍ ደባልቃ ትጋግረዋለች እንጂ ስሙን በበጎ አታነሳውም። «በውሃ የሚኖር እህል የእንቁራሪት ነው» ትል ነበር። አይጦቹ ግን በዚህ ከእናቴ ጋር አልተስማሙም።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ጭቃው ከሚወጣበት ገደል አጠገብ፣ እትዬ ደብሬ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቻዋን ትኖር ነበር። በአካባቢው ያለ ድስት፣ ገንቦ፣ ምጣድ ሁሉ የእሷ የእጅ ሥራ ነው። ሰው ድስቷን ይገዛታል፣ ቤቷ ገብቶ ግን ውሃ አይጠጣም። ቡዳ ናት ይባላል። የደርግ መንግሥት ይህን ነገር በየስብሰባው ያወግዝ ነበር፤ ሰዉም በስብሰባው ያጨበጭብና ሲበተን በእሷ ደጅ ላለማለፍ ዞሮ ይሄዳል። ልጆቹ እሷን መውገር ስለሚፈሩ ድመቷን ይወግሯት ነበር። የድመቷ የቀኝ ጆሮ ጫፍ በድንጋይ ተቆርጧል።

በዚያ ሐምሌ እትዬ ደብሬን ወባ ገደላት። የቀበሯት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አበጀ ነበር። ከቀብር ሲመለስ በባዶ ቤቷ፣ ሸክላው ከሚደርቅበት መደብ ሥር፣ ድመቷን አያት። ሁለት ቀን ተመላልሶ አድፍጦ በሦስተኛው በጆንያ ይዟት መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ተቦጫጭሯል።

«ምንድን ነው ጆንያው ውስጥ?» አለች እናቴ።

«ድመት።»

«የማን ድመት?»

አበጀ ወደ ገደሉ አቅጣጫ አየ። ዓይኑ ነገራት።

«ከዚያ ቤት ድስት ይገባል እንጂ ነፍስ ያለው ነገር አይገባም» አለች።

«ይህን ለአይጦቹም ንገሪልኝ፣ እማ። ዛሬ ጠዋት አንዱ እንቅቡ ላይ ቁጭ ብሎ ትክ ብሎ ሲያየኝ ነበር። እኔ ነኝ አፍሬ ዓይኔን የመለስኩት።»

እናቴ መሳቅ አልፈለገችም፣ ግን አመለጣት።

አንድ ነገር ከፈቀደች ደግሞ በወጉ ካልተሠራ አትወድም፤ ይህን ጠባይ የወረስኩት ከእሷ ነው። በእኛ ዘንድ ድመት ወደ አዲስ ቤት የምትገባበት ወግ አለው። መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ሆና ትመጣለች። ከመግባቷ በፊት አቅጣጫው እንዲጠፋት ጆንያው ደጅ ላይ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ከዚያ ምሰሶውን ሦስት ጊዜ ያዞሯታል። በመጨረሻ መዳፏ ከምድጃው በተወሰደ አመድና በቅቤ ይታሻል፤ ቅቤውን ስትልስ የቤቱን አመድ አብራ ትልሳለችና።

«ውሻ የሚለምደው ሰውን ነው፣ ድመት ቤትን» አለችን እናቴ የጆንያውን አፍ እንደያዘች። «መንገድ ያየች ድመት ትመለሳለች። ካላየች ግን የት ትሄዳለች? ያለችበትን ትቀበላለች።»

ቅቤውን ላሰችና ከጎታው ጀርባ ገባች። ጎታችን ትልቅ ነበር። አባቴ በደህና ዘመን ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ያሠራው፣ ከቤቱ ጓዳ እንደ ሌላ ሰው ቆሞ የሚኖር ነገር ነው። እህል ከላይ ይገባል፤ ከታች በቡጢ ልክ የሆነች ቀዳዳ አለችው፣ እህሉ በእሷ ይቀዳል፣ ከዚያ በጨርቅ ትወተፋለች። በጎታውና በግድግዳው መካከል ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ነበር። ድመቷ እዚያ ውስጥ ዓይኗ ብቻ እያበራ ወራት ተቀመጠች። የምታርፈው ቤቱ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ዘነዘና ከተነሳ፣ ሰው ካስነጠሰ፣ በር ከተንኳኳ ግድግዳውን ቧጥጣ እስከ ጣሪያ ትወጣ ነበር።

«ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሰው የማታናግር እቴጌ እንጂ ሌላ ምን ትባላለች?» አለ አበጀ። ስሟ በዚያው ቀረ።

«ዝቅ አድርገህ ጥራት» አለችው እናቴ። «እዚህ ቤት እቴጌ አለች ተብሎ በስብሰባ እንዳንጠየቅ።»

የማላመዱን ሥራ እኔ ወሰድኩት። ማንም አላዘዘኝም። ተመልሶ የመጣ ሰው ቤቱን እንደገና መልመድ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ይመስለኛል ከዚያ ነው። ያደረግኩት ይህ ነው፦ በየቀኑ ረፋድ ላይ በአንድ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ዕቃ አቀርብላታለሁ። ዕቃው እትዬ ደብሬ የሠራችው ትንሽ የሸክላ ሳህን ነበር፤ የምታውቀው ሽታ አለው ብዬ ነው። ካቀረብኩ በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ዓይኗን አላይም። እጄን አልዘረጋም። ብትመጣም ባትመጣም እኩል ጊዜ ቆይቼ እነሳለሁ። አንድ ነገር ወርውሬባት አላውቅም፤ እንጀራው ላይ ስትወጣ እንኳ። ወተት ሲገኝ ወተት፣ ካልተገኘ ከጣና የመጣ ደረቅ ዓሣ ቁራጭ አቀርብ ነበር። በጾም ወራት እናቴ ታጉረመርምና «ይሁን፣ ድመት ጾም አታውቅም» ብላ ራሷ ትሰጠኝ ነበር።

መስከረም ላይ የወጣቶች ስም ዝርዝር መጣ። ሰሜን ጦርነቱ ከፍቶ ነበር፣ ማህበሩ ይህን ያህል ሰው ለውትድርና አምጣ ይባላል፣ ሊቀመንበሩም ያለውን ቤት ሁሉ ያውቃል። አበጀ አሥራ ስምንት ዓመቱን ይዟል። ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል ብለን አስወራን፣ እሱ ግን ጎታው ውስጥ ነበር። ጎታው በክረምት ተራቁቷል። ጠዋት ይገባል። እኔ ሙቀጫው ላይ ቆሜ ቁጭ ሲል ከራሱ በላይ የቆዳ ጀንዲ እወጥርበታለሁ፣ ጀንዲው ላይ ሁለት ቁና ሩዝ አፈስበታለሁ፣ ክዳኑን እገጥማለሁ። ክዳኑን ያነሳ ሰው ሩዝ የሞላ ጎታ ነው የሚያየው። አየር የሚያገኘው በታችኛዋ ቀዳዳ ነው። ውታፉን ላላ አድርገን እንተውለታለን።

ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት ይውላል ትሉ ይሆናል። ይዋላል። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ታመመ ሰው ዝም አለ። በኋላ መናገር ጀመረ፣ እኔም በቀዳዳዋ አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ።

መሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ ተምሬ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ማንበብ እንደማልችል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጽሐፉን በቃሌ ይዤ ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬዳለሁ እንጂ ፊደሉን አላየውም። አንድ ረፋድ ለእቴጌ ዓሣ አቅርቤ፣ እጄ ሥራ ሲፈታ፣ መጽሐፉን አውጥቼ ጮክ ብዬ «አነበብኩ»። ከጎታው ሥር ድምፅ መጣ።

«እታለም፣ ስንተኛው መስመር ላይ ነሽ?»

«ሦስተኛው።»

«ሦስተኛው መስመር የስንት ቃል ነው?»

ጣቴን ከመስመሩ ላይ አነሳሁ።

«ቁጠሪያቸው» አለኝ። «ከዚያ መጨረሻ ያለውን ቃል ብቻ ንገሪኝ። ከኋላ ወደ ፊት እናነባለን። በቃልሽ የያዝሽው ሁሉ እንዲረሳሽ።»

እንዲህ ነው ማንበብ የተማርኩት፤ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከጎታ በሚወጣ ድምፅ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ወባ መከላከል፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር፣ ስለ ንጹሕ ውሃ ነበር። እቴጌ ሰውን የለመደችው ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ እየሰማች ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ቁጣ የሌለበት፣ በየቀኑ። በጥቅምት መጨረሻ ከክፍተቱ ወጥታ ከእኔ አንድ ክንድ ርቃ ተኛች። በኅዳር አበጀ ከዓሣው ቁራጭ ይዞ ጣቶቹን በቀዳዳዋ አወጣ። እሷ ውታፉን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ከጣቱ ወሰደች። ከሰው እጅ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው።

«በላች» አለ ከውስጥ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእሱ እጅ የእሷ ሆነ። ጠዋት ቀዳዳዋ ሥር ትመጣለች፣ ጅራቷን ቀጥ ታደርጋለች፣ ጎታውን በጎኗ ታሻሻለች፣ እጁ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ዓሣ ባይኖረውም ጣቱን ትልሳለች። ሜዳው በሽምብራና በጓያ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ሲውል፣ እኛ ሦስታችን በዚያች ጓዳ ውስጥ ስለ ንጹሕ ውሃ እናነባለን። እንዲህ ብል ነውር ይሆናል፣ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ያለኝን ወራት አላስታውስም።

ጥር ላይ እቴጌ እናቴ ጭን ላይ ተኛች። እኔ ግን አልረካሁም። የቤቱን ሰው ለምዳለች፤ እንግዳ ሲመጣ፣ በር ሲንኳኳ አሁንም ጣሪያ ትወጣ ነበር። ጅምር ሥራ አልወድም። ስለዚህ ራሴ የገዛ ቤታችንን በር እያንኳኳሁ እገባ ጀመር። መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በቡጢ፣ ቀጥሎ በዱላ። በገባሁ ቁጥር ዓሣ እሰጣታለሁ። የጎረቤታችን የአያ ካሴ ሚስት እሳት ልትጭር ስትመጣ በሩን ጠንከር አድርጋ እንድትመታ ለመንኳት፤ ያበድኩ መሰላት፣ ግን መታችው።

አበጀ ይህን ከውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን «እታለም፣ ይበቃታል» አለኝ። «ትንሽ ፍርሃት ተዪላት። እኔን ያኖረኝ እሱ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ሌላ፣ እሷ ሌላ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በየካቲት መጨረሻ በሩ ሲደበደብ እቴጌ ከተኛችበት ቀና ብላ አየችና ተመልሳ ተኛች። ሥራው አለቀ።

መጋቢት ላይ፣ ጓያው ታጭዶ ሜዳው አቧራ መሆን ሲጀምር፣ አንድ ረፋድ የአያ ካሴ ውሻ ጮኸ። አበጀ ውሃ ለመጠጣት ወጥቶ ነበር፤ ዘሎ ገባ። ጀንዲውን ወጠርኩ፣ ሩዙን አፈሰስኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሙቀጫውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሁሉም በቦታው ነበር። በሩ ተደበደበ።

የገቡት ሁለት ናቸው። አንዱ አያ ካሴ ነው፤ ማህበሩ ጠመንጃ አስይዞት ነበር፣ ፊታችንን ማየት አልቻለም። ሌላው የማናውቀው ወጣት ነው፣ ከላይ የተላከ፣ ቡትስ ያደረገ፣ ንግግሩ ለስላሳ። አልጋ ሥር አየ። ቆጥ ላይ አየ። ጓዳ ገባ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጎታ ነው፣ እህል» አለ አያ ካሴ። ራሱ ክዳኑን አነሳው፣ እጁን ሰደደ፣ ሩዝ ዘግኖ አሳየው። «ሩዝ ነው። የደሃ ቤት ነው ይሄ። ልጁ ሁመራ ነው ብለናል።»

ወጣቱ ወደ በሩ ዞረ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ከንፈሯ ሳይላወስ ትጸልይ ነበር። ያን ጊዜ እቴጌ ከአልጋው ላይ ወረደች።

የቡትሱን ድምፅ አልፈራችም። በሩም ሲደበደብ ቀና ብላ አላየችም። በእንግዳው እግር አጠገብ ቀስ ብላ አልፋ ወደ ጎታው ሄደች። የዓሣዋ ሰዓት ነበር፤ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ያልኳችሁ። ቀዳዳዋ ሥር ቆመች፣ ጅራቷን ቀጥ አደረገች፣ ጎታውን በጎኗ አሻሸችው። ውታፉን በመዳፏ ጎተት አደረገች።

አንድ ነገር ብወረውርባት ትሸሽ ነበር። እጄ ሥር የእንጨት ማማሰያ ነበረ። ብወረውር ግን ለምን ወረወርሽ ይለኛል ብዬ አሰብኩ። እያሰብኩ ቀረሁ።

ወጣቱ ቆመ። ሳቅ አለ። «ይቺ ድመት ሩዝ ትበላለች?»

«አይጥ ይኖራላ» አለ አያ ካሴ ቶሎ ብሎ።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ሲያያት ቆየ። እቴጌ ደስ ብሏት ኩርር ትል ነበር፤ ከቆምኩበት ይሰማኛል።

«እኛም ቤት ድመት አለች፣ አያ ካሴ» አለ። «ለአይጥ ጅራቷን አታቆምም።»

ጎታውን አልሰበሩትም። አበጀ ራሱ ወጣ፣ ፀጉሩ ላይ ሩዝ ተጣብቆ። ስድስት ወር ፀሐይ ያላየ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል። ጫማውን ሲያስር እቴጌ መጥታ እጁን ላሰችው፣ እሱም በአንድ እጁ ሲያስር በሌላው ራሷን ዳበሳት። እናቴን ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። እኔ ዘንድ ሲደርስ «ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነን» አለኝ።

እናቴ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ድመቷ ቀዳዳዋ ሥር ቆማ ስትጮህ ተነስታ በሩን ያዘች።

«ነግሬያችሁ ነበር» አለች። «ከዚያ ቤት ነፍስ ያለው ነገር አይገባም ብያችሁ ነበር። ከዓይኔ አውጪልኝ።»

የቡዳ ሥራ አለመሆኑን አውቃለሁ። ያደረገችውን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ይህን ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። ከመናገር ግን ድመቷን ጆንያ ውስጥ መክተት ቀለለኝ። ስከታት አልተቧጨረችም፤ ስሟን ጠርቼ ከፈትኩት፣ ገባች።

ሥራውን እንደ ወጉ ሠራሁት። ደጅ ላይ ጆንያውን ወዲያና ወዲህ አዞርኩ። በሚታወቀው መንገድ ሳይሆን በእርሻ ለእርሻ ዞሬ ሄድኩ። ርብ በመጋቢት ጉልበት አይደርስም፣ ተሻገርኩ። ማዶ አንዲት ዋርካ አለች፤ ሦስት ጊዜ ዞርኳት። ቅቤና አመድ ብቻ ነው ያላደረግሁላት። የጆንያውን አፍ ስፈታው እቴጌ ወጣች፣ ተቀመጠች፣ አየችኝ፣ ጅራቷን ቀጥ አደረገች። ዓሣ የምሰጣት መሰላት።

ጓል አንስቼ ወረወርኩ። አልሸሸችም። ምን እንደሆነ ልታሸት ጠጋች። በሁለተኛው ሄደች።

የአበጀ ደብዳቤ የመጣው በግንቦት ነው። እናቴ ወደሚያነብ ሰው ልትሮጥ ስትል «እኔ አነባለሁ» አልኳት፤ አላመነችኝም። ከማሠልጠኛ ነበር፣ እርሳስ ነው፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው። «እታለም፣ ራስሽ እንደምታነቢው ስለማውቅ አስፍቼ ጻፍኩ» ይላል። ደህና ነኝ ይላል፣ እማን አጽናኚ ይላል፣ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን አስከድኑ ይላል። ከታች፦ «እቴጌን እንዳታባርሯት። እሷ የፈለገችው እጄን ነው። ስመለስ ቀዳዳዋ ሥር ላገኛት እፈልጋለሁ።»

ለእናቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ይህን ዘለልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያነበብኩት እንዲህ ነው።

በማግስቱ ርብን ተሻግሬ ዋርካዋ ጋ ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። «እቴጌ፣ እቴጌ» እያልኩ በመንደሩ ስዞር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «አንቺ ሴት፣ ነገሥታቱ ከወረዱ ቆዩ እኮ» ብለው ሳቁብኝ። አላገኘኋትም። የሥራዬ ጥራት እዚያ ላይ ነው የገባኝ። በችኮላ ሠርቼው ቢሆን፣ በቀጥታው መንገድ ወስጃት ቢሆን፣ አንድ ዙር ረስቼ ቢሆን ኖሮ ትመለስ ነበር። መንገድ ያየች ድመት ትመለሳለች። እኔ አላሳየኋትም።

ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። በመስከረም ወረታ ተማሪ ቤት ገብቼ፣ ጉልበቴ ከማይገባበት ዴስክ ላይ፣ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ በጎንደር መንገድ በእግራቸው እየመጡ ወረታ መንታ መንገዱ ላይ ይበተኑ ነበር፤ ጫማ የሌለው፣ ቁስሉን በሸሚዝ ያሰረ፣ እንጀራ የሚለምን። እናቴና እኔ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ሄደን ቆምን። ፊት ስንመለከት ዋልን። እናቴ በኋላ ጎታውን አላስፈረሰችም፣ እህልም አልከተተችበትም። ውታፉን ግን እስክትሞት በየጠዋቱ ላላ ታደርገው ነበር። ስለ ድመቷ አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ይህን ስጽፍ ድመቷ አሁንም አልጋ ሥር ናት። ዛሬ ጠዋት ሰላም ከሄደች በኋላ ሳህን አቀረብኩላት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜ ወለል ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም። መጽሐፍ ከፍቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ አርጅቷል፣ ግን ቁጣ የለበትም። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። አልዞርኩም። ገጹን ጨረስኩ። ከዚያ መጥታ ከእግሬ ሥር ተኛች፣ እኔም ማንበቤን ቀጠልኩ፣ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ድመቷ ብድግ ብላ አልጋ ሥር ገባች።

ሰላም ነበረች፣ ቁልፏን ረስታ። ገብታ ወለል ላይ መቀመጤን አየች፣ ሳህኑ ባዶ መሆኑን አየች፣ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ወደ አልጋው ሥር ስታይ ግን ቅር አላት።

«አሁንም ትፈራለች እንዴ፣ እትዬ?»

«እኔን አትፈራም» አልኳት። «በሩን ግን ትፍራ።»